ከእኛ የተረፉት ቲማቲሞች

ልጄ የአያቷን የአትክልት ቦታ ልትረከብ ነው ሲባል ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔ ግን የሚከሽፍበትን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" እያለች ያሳደገችኝ እናት ልጅ ነኝ። ስልክ ሲጮህ "ማን ሞተ?" ብዬ ነው የማነሳው። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ግፊያና ስድብ ተሸክሞ ውሎ እንኳ ሳቁን አይረሳም፤ እኔን "የመርዶ ሬዲዮ" ይለኛል። "ዛሬስ ምን አስተላለፍሽ?" ይላል ማታ ጫማውን እያወለቀ።

ቦታው ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነው። ማኅበሩ ሰፊውን ሜዳ በሽቦ አጥሮ፣ በጠባብ መተላለፊያ ቆራርሶ ለአባላቱ አከፋፍሏል። የእኛ ድርሻ በአማቴ ስም ነው። እማማ እንላቸዋለን። ባለቤቴን አዝለው፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመው ያቀኑት መሬት ነው። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፤ መንገዳቸው ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ሆኗል።

የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው። አንድ ሰው ሲደክም ቦታውን ለዘመዱ ማውረስ ይችላል፤ ነገር ግን ወራሹ አንድ ሙሉ በጋ በገዛ እጁ፣ ያለ ሰው እርዳታ አልምቶ ማሳየት አለበት። በበጋው መጨረሻ ኮሚቴው ዞሮ ያያል። ካላማረ ቦታው ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ወረፋው ላይ አንደኛዋ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ ሴትዮ ነበረች። በየሳምንቱ በሽቦው በኩል እያለፈች ወደ እኛ ቦታ አንገቷን ታሰግጋለች። እኔ ያቺን ባርኔጣ ባየሁ ቁጥር አሞራ ያየች ዶሮ እሆን ነበር።

የፈራሁት ግን ለመሬቱ አይደለም። ልጃችን ሁሉን ትጀምራለች፤ የጨረሰችው የለም። ስፌት ጀመረች፣ አንዱን እጅጌ ከሌላው አስረዝማ ተወችው። ፀጉር ሥራ ጀመረች፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ስለነበርኩ ለረጅም ጊዜ ከሻርፕ አልተለየሁም። አጎቷ "ጀማሪት" ብሎ ስም አወጣላት። በስሙ ትስቃለች። ከሳቀች በኋላ ግን ክፍሏ ገብታ በሯን ቀስ አድርጋ ስትዘጋው እኔ እሰማለሁ። ይሄኛውም ከከሸፈባት ዳግመኛ ምንም ነገር የምትጀምርበት ልብ እንደማይኖራት አውቅ ነበር። የእናት ነገር ሆኖ እንቅልፌን ያጣሁት በዚህ ነው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ዛሬም ሲያወራ ከሳይረን ጋር እንደሚፎካከር ሰው ይጮኻል። ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ፣

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል" አለ።

"ለእራት ባይበቃ ለምሳ ይሆናል፣ ጋሼ" አለችው።

እኔ ክንዷን ቆነጠጥኩ። ሰብሳቢው ግን ወፍራም ቅንድቡን ከፍ ዝቅ አድርጎ "እናያለን" ብሎ ቁልፉን ሰጣት።

ችግኞቹ የተፈሉት እቤታችን ውስጥ ነው። የመስኮቱ ደፍ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ፣ የባለቤቴ ሬዲዮ ራስ ሳይቀር በእርጎ ኩባያ ተሞላ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር። ልጄ ጠዋት ጠዋት ኩባያዎቹን ወደ ፀሐይ ታዞራቸዋለች፤ እማማ ከአልጋቸው ሆነው "ያቺ ቀጫጫዋ አንገቷ ረዘመ፣ ብርሃን አንሷታል" እያሉ ያዝዛሉ። ሁለቱ በችግኝ ነገር ሲነጋገሩ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ አይመስላቸውም። ቀኑ ደርሶ በካርቶን እየጫነች ወስዳ ስትተክላቸው፣ ረድፉ ቀጥ እንዲል ገመድ ወጥራ ነበር። ገመዱን ሳየው ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ "ይሄን ያህል አምሮ ቢደርቅስ?" አልኩ ለራሴ።

እኔ የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ካውያ ላይ። መሥሪያ ቤቴ ስሄድ አውቶቡሱ በአጥሩ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን በቀትር አልፌ ሳይ የቲማቲሞቹ ቅጠል ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብሏል። ማታ ልጄን፣

"ውኃ ጠምቷቸዋል" አልኳት።

"አልጠማቸውም እማዬ። ቀትር ላይ እንደዚያ ይሆናሉ፣ ሲመሽ ይነሳሉ። ሰው በሙቀት አይዝልም?"

"አፈሩ ላዩ ደርቆ ነጭ ሆኗል እኮ!"

"ላዩ ይደርቃል። ጣትሽን እስከ አንጓሽ ከተሽ ነው የምታይው።"

ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ተኛሁ። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ባልዲ ውኃ ምን ይጎዳቸዋል? የጎዳ ውኃ የት ይታወቃል? በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ፣ ከልጄ ቁልፍ ያስቀረጽኩትን ይዤ (አዎ፣ አስቀርጬ ነበር፤ ብትጥለውስ ብዬ ነው) ሄድኩና አንድ አንድ ጣሳ አጠጣኋቸው። ማንም አላየኝም። ወደ ሥራ ስሄድ የታመመ ሰው ጠይቄ የተመለስኩ ያህል ቀለለኝ። በማግሥቱም ሄድኩ። ከዚያ በኋላማ ለምዶብኝ ቀረ።

በጋው እየበረታ ሲሄድ ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ወደ ቢጫነት ተለወጡ። ያውም በመጀመሪያ ሁለት ሦስቱ፣ ኋላ ረድፉ በሙሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ጣሳውን ትቼ በባልዲ አደረግኩት። ቢጫ የሆነው ጥሙ ስለጸናባቸው ነው ብዬ።

ልጄ ፊቷ ጠቆረ። መብላት ቀነሰች። "አፈሩ ሁልጊዜ ረግረግ ነው" ትላለች ከእማማ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ። "እኔ በሁለት ቀን አንዴ ነው የማጠጣው። ከየት ነው የሚመጣው?"

"ቧንቧ ይሆናል" አለ ባለቤቴ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ። "የድሮ ቧንቧ ነው።"

"አዎ፣ ቧንቧ ነው" አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ።

"የቧንቧ ነገር መቼ ይታመናል" አሉ እማማም፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው።

ያን ጊዜ ነበር አንድ ነገር መጠርጠር የነበረብኝ። በቤታችን ታሪክ ሦስታችን በአንድ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅማ።

ምስኪን ልጄ ዶማዋን ይዛ ከዋናው ቧንቧ ጀምራ መተላለፊያውን በሙሉ ቆፈረችው። መዳፏ ውኃ ቋጠረ። ፍሳሽ ስታጣ የሰፈራችንን ቧንቧ ሠራተኛ ለምና አመጣች። ሰውየው ቱቦውን በመፍቻው እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየደገነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደና፣

"እህቴ፣ ይሄ ቧንቧ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። ሌላ ጠላት ፈልጊ" አላት።

ፈለገች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ባልዲዬን ይዤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ከመደቡ ዳር ያለችው የመሣሪያ ዕቃ ቤት በር ሲጥ አለ። ልጄ ብርድ ልብስ ተከናንባ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች።

"እማዬ?"

ባልዲውን ከኋላዬ ደበቅሁት። ባልዲ የት ይደበቃል?

"እንዲያው ሳልፍ... እንዴት አደሩ ብዬ..."

"እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቀትር ላይ ዝለው ካየሁበት ቀን ጀምሮ። ግን ትንሽ ነው ልጄ፣ በማለዳ ብቻ!"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወደ ረድፉ ተጠግታ አፈሩን በጣቷ ወግታ አወጣችና አሰበች። "በማለዳ ብቻ ከሆነ ይሄን ያህል አይሆንም" አለች። "እኔ ትናንት ከሰዓት በኋላ ትቼው ስሄድ እንዲህ አልነበረም፤ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ግን ረስርሷል። እኔ ከሄድኩ በኋላ የሚያጠጣ ሌላ ሰው አለ።"

"የፈጣሪ ያለህ! ሌባ ነው?"

"የሚያጠጣ ሌባ የት አየሽ?"

የዚያን ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናትና ልጅ ከጎረቤት ቦታ ወደ እኛ የዘለቀው የዱባ ቅጠል ሥር ተጎንብሰን ጠበቅን። ሹክ ባልኩ ቁጥር "ዝም በይ" ትለኛለች። የበሩ ቁልፍ ተሰማ። የገባው ሰው የሾፌር ዩኒፎርም ለብሷል፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶታል። የውኃ ጎማውን ከፍቶ ረድፉን ተከትሎ መጣ። መምጣቱስ ባልከፋ፤ ያወራል።

"ጠጡ ልጆቼ፣ ጠጡ። ያቺ እናታችሁ ጨካኝ ናት። ተራ ጠብቁ፣ አትጋፉ፣ ለሁሉም ይደርሳል።"

ልጄ ቆማ "አባዬ!" ስትለው ጎማው ከእጁ አምልጦ ፊቱን አጠበው።

"ሾፌር ነኝ" አለ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ። ምን ለማለት እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አንተም?" አልኩት።

"አንቺም?" አለኝ።

እቤት እንደገባን ጉዳዩ ወጥ ቤት ውስጥ ታየ። ልጄ ቆማ፣ እኛ ሁለት ጥፋተኞች ወንበር ላይ። እማማ ከክፍላቸው ሆነው ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው ሳል አሉ። እማማ ሲስሉ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

"እማማ፣ እርስዎ እንኳ ከአልጋ አይነሱም፤ እርስዎን ማን ይጠረጥራል" አለች ልጄ ወደ በሩ ሄዳ።

"እኔማ ምን አደርጋለሁ" አሉ እማማ። "ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን በስልክ 'እስኪ አንዳንዴ ዓይንህን ጣል' ብዬው እንደሆን ነው።"

"ዓይኑን ብቻ?"

"ዓይኑንና... ትንሽ ውኃ። ቀትር ላይ። በማንኪያ ነው ያልኩት እኔ!"

ልብስ ሰፊው ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባለቤት ነው፤ በማንኪያ ነገር የሚያውቅ ሰው አይደለም። በማለዳ እኔ፣ በቀትር ልብስ ሰፊው፣ ከሰዓት በኋላ ልጄ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ አብረን ያሰርነው ቲማቲም ነው። ባለቤቴ ሊስቅ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁትና በእግሬ ረገጥኩት፤ ምክንያቱም ልጄ አትስቅም ነበር።

"ማናችሁም አላመናችሁኝም" አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ያ ቆፍሮ ውኃ የቋጠረ መዳፍ። እኔ ቁልፌን አስቀመጥኩበት፤ ባለቤቴም የራሱን አወጣ። እሱም አስቀርጾ ኖሯል። ለልብስ ሰፊው ያኔውኑ ደውላ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጠብታ ብትጥልብኝ ሱሪዬን ሌላ ጋ ነው የማሰፋው" አለችው።

"ከሽቦው ወዲህ ማንም አይገባም" አለችን። "ቢሞቱም በእኔ እጅ ይሙቱ።"

በማግሥቱ አንዱን ቲማቲም ከነሥሩ ነቅላ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችውና እማማ ጭን ላይ ዘረጋችው። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ሲነኩት ይላጣል። እማማ አሸተቱት።

"ታፍኗል" አሉ። "አፈሩ ትንፋሽ አጣ። ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል፣ እንኳን ውኃ።"

"ሁሉም ይሞታሉ?"

"አንቺ ምን ይመስልሻል?"

እማማ ይህን ሲጠይቁ የምር ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምሰማው። ልጄ ሥሩን ገልበጥ አድርጋ፣ ከላይ ወደ ግንዱ የተጠጋውን ክፍል በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ነጭ ነበር። "እዚህ ጋ በሕይወት አለ" አለች። "ውኃውን ካራቅሁት፣ አዲስ ሥር ከላይ ሊያወጣ ይችላል። የባሰባቸውን ነቅዬ ለሌሎቹ አየር እሰጣለሁ።" እማማ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ያን ዕለት ነው እኔ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ያየኋት። እኔ የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው።

ሲሶውን ነቀለችው። ስትነቅል አልነበርኩም፤ ባለቤቴ አውቶቡሱን በአጥሩ በኩል ሲነዳ አይቶ ነው የነገረኝ። "ልክ እንደ ጥርስ ሐኪም" አለ። በረድፎቹ መካከል ቦይ ቀደደች፤ መደቡን በእጇ እየከመረች ከፍ አደረገችው፤ ቢጫውን ቅጠል ከሥር ከሥሩ ቆረጠች። የተነቀሉት በነበሩበት ባዶ ስፍራ ቶሎ የሚደርስ ፎሶሊያ ዘራች። ከዚያ ጠበቀች። ምንም ሳታጠጣ ጠበቀች።

እንደ ተንኮል ያኔውኑ ሙቀቱ መጣ። አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት ዓይነት ሙቀት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በእንፋሎቱ መካከል ቆሜ ሳስብ የሰው ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠልኩ። አብራኝ የምትሠራዋ፣

"ምነው ልብሽ የለም? እቤት ታማሚ አለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

"እግዜር ይማርልሽ። ማን ነው?"

"ቲማቲም።"

ቀኑን ሙሉ ሳቀችብኝ። ማታ እማማ "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ" ይሉኛል። ባለቤቴ የአጥሩን ወሬ ያመጣል፤ "አረንጓዴ ናቸው" ይላል፣ "ወይም አረንጓዴ ይመስላሉ፣ ፍጥነት ላይ ነበርኩ።" ልጄ ጥያቄ አትወድም። ፀሐይ አቃጥሏት፣ ጥፍሯ ጠቁሮ ትመጣለች፤ ትበላለች፤ ትተኛለች። መብላቷ ብቻ ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ።

አንድ ማለዳ አልቻልኩም። ባልዲ አልያዝኩም፤ ቁልፍም የለኝ። ሄጄ ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ውስጥ ናት። ከእኔ ቀድማለች። በጉልበቷ ተንበርክካ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። አንዱን ታልፈዋለች። ለሌላው ከግንዱ ሥር፣ ቅጠሉን ሳትነካ፣ በዝግታ ታፈሳለች። ትመለሳለች፣ ያለፈችውን እንደገና ታየዋለች፣ እንደገና ታልፈዋለች። ያለፈችው ቅጠሉ ዝልፍልፍ ያለው ነበር! "እሱን! እሱን!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። እኔ ያየሁት ቅጠሉን ነው፤ እሷ ያየችው ሥሩን። ሳታየኝ ተመልሼ ሄድኩ። ያን ቀን ካውያው እጄ ላይ ቀለለኝ፤ አንድ ሸሚዝ አላበላሸሁም።

የኮሚቴው ቀን እማማ "እኔ ሳላይ ማንም መሬቴን አያይም" አሉ። አልጋ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይሂድ? አውቶቡስ እስከ በሩ ያደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ ግን መተላለፊያው ጠባብ ነው። ባለቤቴ የማኅበሩን የአፈር ጋሪ አጥቦ፣ ትራስ አንጥፎ አማቴን አስቀመጣቸው። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በአትክልቱ መካከል እየገፋቸው፣

"ቀጣዩ ፌርማታ ቃሪያ! ወራጅ አለ?" ይላል።

"ቀስ በል አንተ! የሰው ልጅ ነው የጫንከው" ይላሉ እማማ፣ እንደ ንግሥት ግራና ቀኝ እያዩ።

ቦታችንን ሳይ ቆምኩ። ቁልፌን ካስረከብኩ ወዲህ ከአጥር ውጭ ነው ያየሁት፤ ከውስጥ ሌላ ነው። የቲማቲሞቹ ግንድ ድጋፍ እንጨታቸውን ታቅፎ ከወገቤ በላይ ቆሟል፤ ፍሬው ከታች ቀይ፣ ከመሐል ብርቱካናማ፣ ከላይ ገና አረንጓዴ ነው። ቃሪያው ያብረቀርቃል። ጎመኑ እንደ ሕፃን ራስ ጠጥሯል። አረም የሚባል የለም። ልጄ ፀጉሯን አስራ፣ እጇን ታጥባ ከመደቡ ጫፍ ቆማለች። ልጅ አልመሰለችኝም።

ሰብሳቢው ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ መጣ። ባለ ባርኔጣዋም ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ሰብሳቢው ቲማቲም ቆርጦ ቀመሰ፣ ፊቱ ምንም አይልም። አፈሩን በጣቱ ወጋ። ቦዩን አየ። ከዚያ ፎሶሊያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ረድፉ እዚህ ጋ ይቆረጣል። ሌላ ነገር ነበረበት እንዴ?"

"ቲማቲም ነበር ጋሼ። ሞተብኝ።"

"ምን ገደለው?"

"ውኃ በዝቶበት።"

"ያበዛው ማነው? አንቺ ነሽ?"

እኔ ነኝ ካለች ውኃ እንኳ ማጠጣት የማታውቅ ትሆናለች። ቤተሰቤ ነው ካለች ደንቡ ፈረሰ፤ ያለ ሰው እርዳታ ነው የሚለው። ባለ ባርኔጣዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ልጄ ወደ እኔ አየች፣ ወደ አባቷ አየች። ልትዋሽልን ነው ብዬ "እኔ ነኝ..." ልል ስጀምር ቀደመችኝ።

"እኔ አይደለሁም ጋሼ። ቤተሰቤ ናቸው። እየተደበቁ በየተራ ሲያጠጡብኝ ከርመው ነው። እስክደርስባቸው ሲሶው አለቀ። የቀረውን እኔ አዳንኩት።"

ከዚያ ከጋሪው ውስጥ፣

"እኔንም ቁጠሩኝ!" አሉ እማማ። "በስልክ ነው፣ ግን ቁጠሩኝ።"

"እኔም አለሁበት" አለ ልብስ ሰፊው ከራሱ ቦታ፣ መርፌ እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬት እያየ።

"ደንቡ ያለ ሰው እርዳታ ነው የሚለው" አለ አንዱ የኮሚቴ አባል።

"ይሄን እርዳታ ነው የምትለው?" አለች ሌላዋ። "እኔስ ቅጣት ነው የመሰለኝ።"

ሦስቱ ፈንጠር ብለው ከውኃው በርሜል አጠገብ ተነጋገሩ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ እኔ ቦታው ተነጥቆ፣ ልጄ በሯን ዘግታ፣ እማማ በሐዘን ሞተው፣ ለቀብራቸው ማን ማን እንደሚመጣ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ እጄን ያዘው። "ሬዲዮውን ዝጊው" አለኝ በሹክሹክታ። የእሱም እጅ ግን ላብ ብቻ ነበር።

ሰብሳቢው ተመለሰ። እንደ ልማዱ ጮኾ፣

"እዚህ ማኅበር ውስጥ አትክልቱን ከተባይ ያዳነ አይቻለሁ" አለ። "ከበረዶ ያዳነ፣ ከሌባ ያዳነ አይቻለሁ። ከወላጆቹ ያዳነ ግን አላየሁም። ይህችን ልጅ ሌላ ምን ያቅታታል? ቦታው የእሷ ነው።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። "እናንተ ግን ከበርሜሉ አጠገብ እንዳላያችሁ!"

ሳቁ ከአጥር እስከ አጥር ሄደ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲርገበገብ ታለቅሳለች ብዬ ሮጬ ሄድኩ። ስደርስ እየሳቀች ነበር። ያን ሳቋን አውቀዋለሁ፤ በሯን የምትዘጋበት ሳቅ አይደለም። እማማ ጋሪው ውስጥ ሆነው አንድ ቲማቲም እየገመጡ፣ ጭማቂው በአገጫቸው ሲወርድ "ጨው የያዘ የለም?" ይላሉ።

ትንሽ ቆይቶ ባለ ባርኔጣዋ ወደ እኔ ስትመጣ ለጥል ተዘጋጀሁ። በአፌ ይዤ የነበረውን ብጽፈው አይነበብም። እሷ ግን ባርኔጣዋን አውልቃ፣

"ልጅቷ ያንቺ ናት?" አለችኝ።

"የእኔ ናት።"

"እኔም ሰገነቴ ላይ በጣሳ ቲማቲም አለኝ፣ ቢጫ እየሆነብኝ ነው። እንዴት ነው በሕይወት ያለውን ከሞተው የለየችው?"

አጠጪያቸው ልላት ነበር። ምላሴን ያዝኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት። "እኔ እናቷ ብቻ ነኝ። የምታውቀዋ እሷ ናት፣ ነይ ላስተዋውቅሽ።"

ሁለቱ ከአንዱ ግንድ ሥር ተንበረከኩ። ልጄ የሴትዮዋን ጣት ይዛ አፈሩ ውስጥ ስትከት፣ ቀስ እያለች ስታስረዳ፣ ሌሎች የማኅበሩ አባላትም አንድ ሁለት እያሉ ዙሪያዋን ሞሉ። እኔ ቅርጫት ታቅፌ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ። ሰው ሲያልፍ "ያቺ መሐል ያለችው ልጄ ናት" እላለሁ። ለጠየቀኝም እላለሁ፣ ላልጠየቀኝም እላለሁ። ባለቤቴ ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ሰማኝና፣

"እኔ አውቃታለሁ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አባቷ ነኝ" አለኝ።

"ቢሆንም" አልኩት፣ "ያቺ መሐል ያለችው ልጄ ናት።"